የራውተሩ የዕድገት ፊርማ

ወርቅነሽ ባሏን «አንቱ» ካለችው ቤቱ ውስጥ ነገር አለ ማለት ነው።

የገላን ኮንዶሚኒየም ጎረቤት ይህን አያውቅም። ጎረቤት በግድግዳው በኩል «ቁርስዎ ቀርቧል»፣ «ካፖርትዎን እንዳይረሱ» የሚል ድምፅ በሰማ ቁጥር፣ «አቤት ጨዋነት! እስካሁን ባሏን በአንቱታ!» እያለ ለገዛ ሚስቱ ምሳሌ ያደርጋታል። ተሰማ ግን ነገሩ ገብቶታል። ወርቅነሽ ደስ ሲላት «አንተ» ነው የምትለው፤ ስትቆጣም «አንተ!» ነው፤ ሎሚ ግዛልኝ ስትልም፣ በሩን ዝጋው ስትልም ያው «አንተ» ነው። «አንቱ» የምትመጣው ቁጣው አልፎ ልቧ ሲዘጋ ብቻ ነው። በትዳራቸው ውስጥ ያቺ ቃል ብቅ ያለችው ከስንት አንዴ ነው። አንዴ ለፋሲካ በግ ግዛ ተብሎ ወጥቶ ብስክሌት ገዝቶ የገባ ጊዜ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ እናቷ ቁጭ ባሉበት ወጧን «ጨው በዛበት» ያለ ጊዜ። የብስክሌቱ በሳምንቱ በረደ። የጨውዋ ግን ክረምቱን ሙሉ ዘለቀች።

ስለዚህ እዚህ ወሬ ውስጥ ተሰማን ያለ ማዕረግ «እሱ» ብንለው ንቀነው አይደለም። አንቱታ በቅቶት ነው።

የአሁኑ ጣጣ የመጣው በራውተሩ ነው። እነ ተሰማ ጡረታ ወጥተው ዕጣ ደርሷቸው ከአቃቂው የፋብሪካ ሰፈር ወደ ገላን ሲዛወሩ ኢንተርኔት የሚባል ነገር በሐሳባቸውም አልነበረም። አንድ ልጃቸው እምነት ወንድዬ የሚባል መንገድ ሠሪ መሐንዲስ አግብታ ጅጅጋ ስትሄድ ግን ወርቅነሽ ሆዷ ባባ። ልጅቷ ደግሞ ሄዳ ዝም አላለችም፤ ዙፋንን ወለደች። የሞባይሉ ኢንተርኔት በዚያ ዓመት እንዳሻው የሚመጣና የሚሄድ ነበር። የወንድዬ ቢሮ ግን ደህና መስመር ስለነበረው እምነት እሑድ እሑድ ከሰዓት ሕፃኗን አቅፋ እዚያ ትሄዳለች። እዚህ ገላን ደግሞ ተሰማ መስመር አስገብቶ፣ ታብሌት ገዝቶ፣ ወርቅነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ተዘጋጅታ ትቀመጣለች። ዙፋን የአያቷን መላጣ ስታይ ትንከተከታለች። ያቺ ሳቅ ለሁለቱም የሳምንት ስንቅ ነበረች።

ታዲያ ይህን የሚያህል ነገር የሚያመላልስ ዕቃ ማን ይነካዋል? ተሰማ ነዋ!

ተሰማ ዕድሜውን የፈጀው በፋብሪካ ማሽን ጥገና ነው። ጡረታ የወጣው ምክትል ፎርማን ሆኖ ነው፤ ይህችን «ምክትል» የምትባል ቃል ሰው ፊት ሲጠራት ድምፁ ዝቅ ይላል። ምክትል ሆኖ የቀረው ሥራ ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም። የፎርማንነት ዕድገቱ ተወስኖ፣ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ ነበር። ከዚያማ «ፊርማ ይጠብቃል» ተባለ። ሰኞ ሲጠይቅ ፊርማ ይጠብቃል። ከበዓል በኋላ ሲጠይቅ ፊርማ ይጠብቃል። ፈራሚው ተቀየረ፣ መንግሥትም ተቀየረ፣ ወረቀቱ ግን ፊርማ ይጠብቃል። ደብዳቤውን በታይፕ የመታችው ወርቅነሽ ራሷ ነበረች፤ የሠራተኛ አስተዳደር ታይፒስት ነበረቻ። ቀኑ ባለፈበት ቁጥር እንደገና ትመታዋለች፣ እንደገና ይሄዳል። በመጨረሻ የመጣለት ደብዳቤ የጡረታው ሆነ። እሱማ ወዲያው ነበር የተፈረመው!

እና አንድ ቅዳሜ ተሰማ ራውተሩን በመሐረቡ ወልውሎ ሲጨርስ፣ እስቲ ውስጡንም ልየው ብሎ በታብሌቱ ገጹን ከፈተ። መግቢያውን ከታች ሱቅ ያለው ሀይረዲን አንድ ጊዜ አሳይቶታል፤ ለተሰማ አንድ ጊዜ ማየት ማለት ሊቅ መሆን ማለት ነው። ገጹ ላይ ቢጫ ሳጥን ብቅ ብሏል። መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ገፍቶ በፋብሪካ እንግሊዝኛው ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያው ቃል ሲጀምር «ፊርም…» ይላል፤ ጭራዋ አልገባችውም፣ ግን ፊርማ መሆኗ ግልጽ ነው። ሁለተኛዋን ግን ደህና አድርጎ ያውቃታል። «አፕግሬድ» ትላለች። ዕድገት! ከሥሩ ደግሞ እሺታውን የምትጠይቅ ቁልፍ አለች።

ዘመኑም የዕድገት ዘመን ነበር። ራዲዮኑ ሲከፈት ዕድገት፣ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ዕድገት፣ ስብሰባው ሲከፈት ዕድገት፣ ሲዘጋም ዕድገትና ትራንስፎርሜሽን። ራውተር ከማን አንሶ!

ተሰማ ግን የታየው ሌላ ነው። ይህች ምስኪን ዕቃ ሌት ተቀን ሠርታ፣ ዕድገቷ መጥቶላት፣ የቀራት ፊርማ ብቻ ነው። ፈራሚው ደግሞ እሱ ነው። እድሜ ልኩን ወዲያ ማዶ ሆኖ የለመነው ወንበር ላይ ዛሬ ራሱ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው የምትነካካው?» አለች ወርቅነሽ ከኩሽና። ሳታይ ማወቅ ልማዷ ነው።

«አንድ ነገር ጠይቆኝ ነው።»

«ይሠራል አይደል?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያው ከሚሠራ ዕቃ ላይ እጅህን አንሳ!»

እጁን አነሳ። እውነቱን ለመናገር ከፍ አድርጎ ነው ያነሳው፤ ከዚያ አወረደና ቁልፏን ተጫናት። የማንንም ዕድገት በእኔ ፊርማ አላስቆምም አለ በልቡ። ደስ አለው፤ ደረቱ ሁሉ ሰፋ።

ራውተሩ መብራቶቹን አንድ ባንድ አጠፋ፣ አበራ፣ እንደገና አጠፋ። ተሰማ አጠገቡ ተቀመጠ። መጨረሻ ላይ መብራቶቹ ሁሉ ተመልሰው በሩ፤ «ኢንተርኔት» የምትለዋ ግን ቀልታ ቀረች። «ተሰማ ቤት» ይል የነበረው የዋይፋዩ ስምም ጠፍቶ፣ በቦታው የመኪና ታርጋ የመሰለ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ገባ። እስኪለምደው ነው፣ አዲስ ሹም ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

እሑድ ከሰዓት ወርቅነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ታብሌቱ ፊት ተቀመጠች። ክቡ ምልክት ይዞራል። ይዞራል። ይዞራል። ተሰማ ቆሞ ጆሮውን ያካል። ታብሌቱ ዝም እንዳለ የቤቱ ስልክ ጮኸ፤ እምነት ናት።

«እማዬ! አያችሁ? አያችኋት አይደል? ዙፋን ሄደች! ጠረጴዛውን ለቃ በራሷ ሄደች! የት ናችሁ? እዚህ እኮ ጥቁር ብቻ ነው የሚታየው!»

ወርቅነሽ «እግዚአብሔር ያሳድጋት» አለች። ስልኩን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ነጠላዋን አወለቀችና አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው። ከዚያ ባሏን ሳታየው፣ «አንቱ፣ ምሳዎ ቀርቧል፤ ይብሉ» አለችው።

ተሰማ ክው አለ። ቁጭ ብሎ በላ፤ ምን እንደበላ ግን አያውቀውም።

ከማግስቱ ጀምሮ ቤቱ ወርክሾፕ ሆነ። ስልኩን አንስቶ ድምፁን አዳመጠ፤ መስመሩ ደህና ነው። ገመዱን ነቅሎ ሰካ፤ ሶኬት ቀየረ። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ላይ ወደ ቡፌው፣ ከቡፌው ወደ ፍሪጁ አናት፣ ከፍሪጁ ወደ መስኮቱ አዛወረው። መስኮቱ ላይ ሳለ ጅጅጋ በየት በኩል እንደሆነች ከፀሐይዋ መውጫ አስልቶ ሁለቱን አንቴናዎች ወደ ምሥራቅ አዞራቸው። ቀዩ መብራት ቅንጣት አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ከኋላው አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አገኘ።

«ወርቅነሽ፣ መርፌ ይኖርሻል?»

«አዎን፣ አለ። ይውሰዱ። ክርም ከፈለጉ አለ።»

ክሯ አጥንቱ ድረስ ገባች። ለማንኛውም ቀዳዳዋን በመርፌ ወጋት። ራውተሩ የቀረችውንም ትዝታ ያን ጊዜ ጥርግ አድርጎ ረሳ።

ፓፓያም ሞክሯል። ከሰፈሩ ቸርቻሪ ከዘኪያ ጉሊት የበሰለ፣ ትልቅ፣ ወርቅነሽ የምትወደውን ዓይነት መርጦ ገዛላት። «ምነው ተቸገሩ? እግዜር ይስጥልኝ» ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችው። በሁለት እጇ! ተሰማ ብትወረውርበት ይመርጥ ነበር። ማታ ማታ ቴሌቪዥን ሲያዩ እንኳ «ድምፁ አይረብሽዎትም?» ትለዋለች። በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ። እንግዳ ደግሞ ነገ ይሄዳል፤ እሱ ወዴት ይሂድ?

ሐሙስ እምነት ደወለች። ተሰማ ነበር ያነሳው።

«አባዬ፣ የእነወንድዬ ካምፕ ወደ ጎዴ መስመር ሊዛወር ነው። እዚያ ኔትወርክ የሚባል የለም አሉ። ዝናቡ እስኪያልፍ መገናኘታችንን እንጃ። ይህችን እሑድ ግን ቢሮው አለ። ለእማዬ ንገራት፣ ዙፋን አሁን መሮጥ ልትጀምር ነው፤ ትያት።»

ነገራት። ወርቅነሽ «ሰማሁ» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ትከሻዋ ወረደ። የእሑዱ ነገር ካመለጣት «አንቱ» ቤቱ ውስጥ ሰፍራ በጠበቃ እንኳ እንደማትነቀል ለተሰማ ገባው። ከዚህ በኋላ የማሽን ሰውነት ኩራት ምን ያደርግለታል? ጃኬቱን ለበሰና ወደ ሀይረዲን ሱቅ ወረደ።

ሀይረዲን ከስልጤ የመጣ፣ ምድር ቤት ላይ ሞባይል የሚጠግንና ሽፋን የሚሸጥ ወጣት ነው። ሥራው ጥሩ ነው፤ ምላሱ ደግሞ ከሥራው ይበልጣል።

«ጋሼ፣ ምን ነካክተው ነው?»

«ምንም!»

«እሺ። እዚህ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ማንም ያልነካው ነው። ጅን ነው የሚያበላሸው። እሑድ መርካቶ ደርሼ እንደተመለስኩ እወጣለሁ፤ ከሰዓቱ በፊት።»

ቃሉን ጠበቀ። እሑድ ላፕቶፑን በብብቱ፣ ገመዱን በአንገቱ አድርጎ መጣ። ወርቅነሽ በሩን ከፍታ «ና ግባ ልጄ፣ ሀይሩዬ፣ እንዴት ነህ አንተ?» ስትለው ተሰማ ቅናት ያዘው። ለሀይረዲን «አንተ» በነፃ ይታደላል! ወርቅነሽ ወደ ኩሽናዋ ተመልሳ ሽንኩርቷን መክተፍ ጀመረች። የቢላዋው ኮሽታ ሳሎን ድረስ ይሰማል።

ሀይረዲን ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ጥቂት መታ መታ አደረገ።

«መስመሩ ምንም አልሆነም፣ ጋሼ። ራውተሩ ነው ማንነቱን የረሳው። ለመግባት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይፈልጋል። ስሙ የስልክ ቁጥራችሁ ነው፣ እሱን አስገብቻለሁ። ቃሉስ?»

ተሰማ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስሜ ነው» አለ። ኮራ ብሎ። «መስመሩ የገባ ዕለት ቃል ምረጡ ሲሉን ወርቅነሽ ታይፕ ስለምትችል እሷ ነበረች የመታችው። በስሜ አድርጊው አልኳት፤ አደረገችው።»

ይህንኑ እኮ በዕድሩም ተናግሮታል። የእኔ ቤት ኢንተርኔት በስሜ ነው የሚከፈተው ብሎ ስብሰባውን አስረዝሟል።

«ተሰማን በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት ነው የሚጽፉት?»

«እንደ ስሜ ነዋ!»

«በአንድ ኤስ ነው በሁለት?»

ለካ ይህም ጥያቄ ነው! የፋብሪካው መታወቂያ በአንድ ኤስ ይላል። ጡረታው በሁለት። ኮንዶሚኒየሙ ላይ ደግሞ ኤሙን ደርበውታል። ሀይረዲን ሁሉንም ሞከረ። በትልቅ ፊደል ሞከረ፣ በትንሽ ሞከረ፣ ኢውን በኤ ለውጦ ሞከረ። አንድ ስም ያለው የመሰለው ተሰማ ብዙ ሰው ሆኖ አረፈው፤ ሁሉንም ግን ራውተሩ አላውቃቸውም አለ።

«እትዬን እንጠይቃቸዋ» አለ ሀይረዲን።

ተሰማ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «አንተ ጠይቃት» ብሎ አንሾካሾከ።

«እትዬ! የይለፍ ቃሉን ያስታውሱታል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አለች ከውስጥ። «የማሽን ሰው እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ጠይቃቸው።»

ሀይረዲን ወደ ተሰማ ጠጋ አለ። «እሳቸው?» አለ በሹክሹክታ። ዓይኑ ውስጥ ሳቅ ተንተክትኳል። «ጋሼ፣ የራውተሩ ብቻ አይደለማ የተቋረጠው።»

«ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ!»

«እሺ፣ ግን እውነቱን ይንገሩኝ። ያን ቀን ምን ነበር የተጫኑት?»

ተሰማ ወደ ኩሽናው አየ። ቢላዋው ኮሽ ኮሽ ይላል። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረኝ አለና ተናገረ።

«ፊርማ ጠየቀኝ።»

«ምን ጠየቀዎት?»

«ፊርማ! የዕድገት ፊርማ። ቢጫ ሳጥን መጥቶ፣ ፊርማ… አፕግሬድ ይላል። ፈረምኩለት።»

ሀይረዲን አፉን በመዳፉ ያዘ። አልቻለም፤ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። «ጋሼ! ጋሼ፣ ፈርምዌር ነው እኮ! ፈርምዌር! ውስጡ ያለው የአሠራር ትምህርቱ ማለት ነው። አዲስ ትምህርት ሲጫንበት አንዳንዱ የድሮውን ሁሉ ይረሳል። ፊርማ! ወላሂ ይህን ለማንም አልናገርም… ማለቴ፣ ስምዎን ሳልጠራ ነው የምናገረው።»

ተሰማም ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከንፈሩ ግን እምቢ አለው።

«መቼም አንተ ልጅ ነህ፤ አይገባህም» አለ ዝግ ብሎ። «ዕድገት ተፈቅዶ ፊርማ መጠበቅ ምን እንደሆነ አይገባህም። ነገ ነው፣ ከነገ ወዲያ ነው እያሉ ጡረታ ማውጣት ምን እንደሆነ። እና ያቺ ዕቃ፣ ዕድገቴ መጥቷል፣ ፈርምልኝ ያለችኝ ሲመስለኝ… ምን ልበላት? ቆይ ልበላት? እኔ እጅ ላይ እንዲቀርባት አልፈለግሁም።»

የቢላዋው ኮሽታ ቆመ።

ሀይረዲንም ሳቁ ጠፋ። «አይ ጋሼ» አለ።

ወርቅነሽ የኩሽናው በር ላይ ብቅ አለች። እጇ በሽንኩርት ርሷል፤ ዓይኗም ቀልቷል። ሽንኩርቱ ነው እንበል። ባሏን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ያን ደብዳቤ ስንት ጊዜ በጣቶቿ እንደመታችው እሷና እሱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ያን ጊዜ በታይፕ ሪባን የጠቆሩ ጣቶቿን በጋዜጣ እየጠረገች «ዛሬስ?» ስትለው፣ እሱ «ፊርማ ይጠብቃል» ሲላት፣ ሁለቱም ስቀው ወደ ሰርቪሱ ይሄዱ ነበር። ሳቁ የእውነት እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ወርቅነሽ» አለ ተሰማ። «ቃሉን ንገሪኝ። ስሜን በየዓይነቱ ሞከርነው፤ አልሆነም። ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ ያልሽኝን ብሰማ ኖሮ ዙፋንን ስትሄድ ታዪያት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እሱ ነው የበላኝ።»

እንዲህ ያለ ንግግር ከተሰማ አፍ ሲወጣ ራሱም ገረመው። የወርቅነሽ ጉንጯ ቀላ።

«አይባልም» አለች።

«ምኑ?»

«ቃሉ ነዋ። አይባልም። አሁን አይሆንም።»

«እንዴት አይባልም? ስድብ ነው እንዴ?»

«ወደዚያ! ስድብ አይደለም።»

«እትዬ፣ እሺ እርስዎ መጥተው ይምቱት» አለ ሀይረዲን።

«በዚህ እጄ? ላፕቶፕህን ቁሌት ላደርግልህ ነው?»

ይህን ሲባባሉ ስልኩ ጮኸ። ተሰማ ዘሎ አነሳው። «አባዬ፣ ቢሮ ደርሰናል፤ ዘበኛው ቶሎ በሉ እያለን ነው፣ ሊዘጋ ነው! ዙፋን ቆማ እየጠበቀች ነው!» ከእምነት ድምፅ ጀርባ የሕፃን ጩኸት ይሰማል። ተሰማ ስልኩን እንደያዘ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ የሚናገረው ጠፍቶት ዓይኑን ብቻ አቁለጨለጨ።

ወርቅነሽ ስልኩን አየች። ራውተሩን አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ጮኸች።

«አንተ! አንተ!»

ተሰማ ስልኩን ጥሎ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «አቤት!» አለ። «አቤት፣ አቤት ወርቅነሽ!» እግሩ ሁሉ ወደ እሷ ሮጠ። ሳምንቱን ሙሉ የናፈቃት ቃል ሁለት ሆና መጣችለት! ኢንተርኔቱንም፣ ራውተሩንም፣ ሀይረዲንንም ረሳቸው።

«ምን አቤት ትለኛለህ!» አለች ወርቅነሽ። «አልጠራሁህም! ቃሉን ነው የነገርኩህ!»

«ቃሉ?»

«ቃሉ እሱ ነው! አንተ። አንተ። በስሜ አድርጊው አልከኝ። ስምህን መቼ ጠርቼ አውቃለሁና ነው? እናቴ የባል ስም አይጠራም ብላ ነው ያሳደገችኝ። እኔ የማውቀው ያንተ ስም «አንተ» ነው። እሱን ብመታው ማሽኑ ስምንት ፊደል ካልሞላ አልቀበልም አለኝ። ሁለት ጊዜ መታሁት፤ ሞላ።»

ሀይረዲን ጣቱን አጠፈ። «ኤ፣ ኤን፣ ቲ፣ ኢ… ኤ፣ ኤን፣ ቲ፣ ኢ… ስምንት! ወላሂ ስምንት ነው!» ብሎ መታው።

ቀዩ መብራት ጠፋ። ለአንድ አፍታ ጨለማ ሆነ። ከዚያ አረንጓዴ በራ።

ታብሌቱ ሲጠራ ወርቅነሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ነጠላ ሳታጣፋ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተች ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ዙፋን ጠረጴዛ ይዛ ቆማለች። የአያቷን መላጣ ስታይ ተንከተከተች። ከዚያ ጠረጴዛውን ለቀቀችና እየተንገዳገደች ወደ እነሱ መጣች። መጣች፣ መጣች፣ ግንባሯ ስክሪኑን ሞልቶት በላይኛው በኩል ጠፋች፤ ከወዲያ በኩል ዱብ የሚል ድምፅና የእምነት ሳቅ ተሰማ።

«አየሃት?» አለች ወርቅነሽ። የተሰማን ክንድ ይዛለች፤ መያዟን ልብ አላለችም። «አየሃት አንተ? አካሄዷ ያንተን! እንደ ዳክዬ!»

«አየኋት» አለ ተሰማ። እውነቱን ለመናገር ግማሹን አላየውም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶበታል። «አየኋት» አለ እንደገና፣ እንድትደግምለት ብሎ።

ዘበኛው ቢሮውን እስኪዘጋ ድረስ አወሩ። ሀይረዲን በመካከሉ ገመዱን ጠቅልሎ ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ጋሼ፣ የዋይፋዩ ስም አሁንም ታርጋ እንደመሰለ ነው። የድሮውን ልመልሰው? ተሰማ ቤት?»

ተሰማ ሚስቱን አየ። ወርቅነሽ የጨለመውን ታብሌት በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ለብቻዋ ፈገግ ትላለች።

«አይ» አለ። «አቤት በለው።»

«ምን?»

«አቤት። በአንድ ቲ። የዋይፋዩም የይለፍ ቃል ያው የእሷው ቃል ይሁን።»

እስካሁን በዚያ ብሎክ ስልኩን ከፍቶ ዋይፋይ የሚፈልግ ሰው ሁሉ «አቤት» የሚል ስም ያገኛል። የማን ቤት እንደሆነ አያውቁም። ቃሉን ለመገመት የሞከሩ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ከወርቅነሽ በር ፊት ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲታገሉ፣ እሷ ከውስጥ በቀን አሥር ጊዜ ጮክ ብላ ስትናገረው ይሰማሉ።